ጥፍር የምታክል ሂቢስከስ

ሂቢስከስ ሲባል ለአብዛኛው ሰው ቶሎ ድቅን የሚልበት በየግቢው አጥር ላይ የሚያብበው ተክል ነው፤ መዳፍ የሚሞላ ቀይ አበባ፣ ከመሃሉ የወጣ ረጅም ዘንግ፣ የሚያብረቀርቅ ቅጠል። እሱ ከእስያ ተነሥቶ ዓለምን የዞረ፣ አትክልተኛ እየከረከመ የሚያሳድገው፣ ውኃ የለመደ ተክል ነው። እኔ የማወራው ስለ ሌላዋ ዘመዱ ነው። ማንም አልተከላትም፣ ማንም አያጠጣትም። በቆላው ደረቅ መሬት፣ በግራር መሃል፣ በድንጋያማ ተዳፋት ላይ ትበቅላለች። ቁመቷ ብዙውን ጊዜ ከጉልበት እስከ ወገብ ቢደርስ ነው። አበባዋ የጣት ጥፍር ታክላለች፤ ነጭ ሆና ትፈካና እየዋለች ወደ ሮዝ ታደላለች። ከፍየል በቀር ቆሞ የሚያያት የለም።

ሳይንሳዊ ስሟ ሂቢስከስ ሚክራንተስ ነው። «ሚክራንተስ» ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ትንሽ አበባ ያላት» ማለት ነው፤ ስም አውጪው ብዙም አልተጨነቀም። ይህን ስም የሰጣት እ.ኤ.አ. በ1782 ታናሹ ሊኔየስ ነው። አባቱ ካርል ሊኔየስ ደግሞ ሂቢስከስ የሚለውን የወገን ስም፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎች በጋራ የሚጠሩበትን ስም፣ በ1753 በዛሬው የአሰያየም ሥርዓት አስገብቶት ነበር። ቃሉ ራሱ ከአባትም ከልጅም ይቀድማል፤ የጥንት ግሪኮች ረግረግ ላይ ለሚበቅል የልት ዘመድ ይጠሩበት ነበር።

አገር በቀል ናት ስል በእኛ አገር ብቻ ትገኛለች ማለቴ አይደለም። ሁለቱ ነገሮች በወሬ መሃል ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። አገር በቀል የሚባለው ሰው ሳያመጣው በራሱ መንገድ ደርሶ ሲራባ የኖረ ተክል ነው። በአንድ አገር ብቻ ተወስኖ መቅረት ሌላ ነገር ነው። ይህቺ ቁጥቋጦ ከኢትዮጵያና ከጎረቤቶቿ አልፋ እስከ ደቡብ አፍሪካ ትወርዳለች፤ ቀይ ባሕርን ተሻግራ በዓረቢያ ምድር አለች፤ ከዚያም እስከ ሕንድና ስሪላንካ ድረስ ትገኛለች። ቦታዎቹን የሚያመሳስላቸው ረጅም በጋና ብርቱ ፀሐይ ነው። ስለዚህ «የእኛ ናት» ማለት ይቻላል፤ «የእኛ ብቻ ናት» ማለት ግን ሐሰት ይሆናል።

ታዲያ ስለ አንዲት ሚጢጢ ተክል ይህን ያህል ማውራት ለምን አስፈለገ? ከርከዴን፣ ባሚያንና ጥጥን ዘመድ ያደረጋቸውን ነገር በሙሉ እሷ ላይ ማንበብ ስለሚቻል ነው። ትልልቆቹ አበቦች በቀለማቸው ዓይን ይስቡና አሠራራቸውን ይደብቃሉ። እሷ ግን የምትደብቅበት የላትም። የአበባዋ ቅጠሎች ወደ ኋላ ተቀልብሰው መሃሉን ራቁቱን ይተዉታል። ጥሩ አጉሊ መነጽር የያዘ ሰው በአንዲት አበባ አንድ ሙሉ ቤተሰብ ይማራል።

ቤተሰቡ በዕፅዋት ሳይንስ ማልቫሴኤ ይባላል። ከ4,000 በላይ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ዘር ነው፤ ሂቢስከስ የሚባለው ወገን ብቻውን ከ200 በላይ ዝርያዎች አሉት። ልት ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ መጥረጊያ የሚሆነው ጭፍርግም እንዲሁ። ድሮ ቤተሰቡ ጠበብ ያለ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የዕፅዋት ዘረመል መነበብ ሲጀምር ግን ቀድሞ ለየብቻ የተመዘገቡ አራት ቤተሰቦች አንድ ግንድ ላይ የተቀመጡ መሆናቸው ታየ፤ ተጠቃለሉም። በዚህ የተነሣ ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎና ያ ግንደ ሰፊው ባኦባብ ዛሬ የዚህች የጉልበት ቁመት ያላት ቁጥቋጦ ዘመዶች ሆነው ይቆጠራሉ።

ከግንዷ እንጀምር

አንድ ቅርንጫፍ ለመቀንጠስ ሞክሩ። እንጨቱ ቀጭን ስለሆነ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ቅርፊቱ ግን አይለቅም፤ እየተላጠ፣ እየረዘመ፣ እንደ ክር እየተጎተተ ይከተላችኋል። ልጥ ብለን የምንጠራው ይኸው ነው። የዛፍ ቅጠል የሠራውን ስኳር ወደ ታች የሚያወርደው ሥርዓት ከቅርፊቱ ሥር ነው ያለው። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ በዚያ ሥርዓት መሃል ረጃጅም፣ ግድግዳቸው የወፈረ ሕዋሳት በጥቅል በጥቅል ሆነው ይደረደራሉ። እንጨቱ ሲሰበር እነሱ ይተርፋሉ። ገመድና ጆንያ ለመሥራት የሚለማው ኬናፍ ራሱ ሂቢስከስ ነው፣ ሂቢስከስ ካናቢነስ። ጁትም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ቡና የሚጫንበት ጆንያ ቤተ ዘመዱ እዚህ ቆላ ላይ ፍየል ይግጠዋል ማለት ነው።

ጣታችሁን ቅጠሏ ላይ ብታሳልፉ ሻካራ ነው፤ የድመት ምላስ ያህል ባይሆንም ይሻክራል። ሻካራነቱ ከምን እንደሆነ በዓይን አይታይም። አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ስታስጠጉ ግን ቅጠሉ ላይ የፈሰሱ ጥቃቅን ኮከቦች ብቅ ይላሉ። እያንዳንዱ ኮከብ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው ወደ ዙሪያው የተዘረጉ ፀጉሮች ናቸው፤ እንደ ተበተነ የመርፌ እቅፍ። ሌላ ተክል ላይ ፀጉር ብዙውን ጊዜ ነጠላ ሆኖ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ኮከብ ሆኖ መበተን ግን የማልቫሴኤ ዋና መለያ ከሆኑት አንዱ ነው፤ አበባ ባይኖር እንኳ አንድ ቅጠል ይዞ ቤተሰቡን መገመት ያስችላል። ለተክሉ ያለው ጥቅምም ግልጽ ነው። ጥላ ይሆነዋል፤ በቅጠሉ ገጽ ላይ ያለውን አየር ረጋ ስለሚያደርገው የውኃው ትነት ይቀንሳል፤ ትንንሽ ነፍሳትም እንደ ልብ አይሄዱበትም።

ቅጠሎቿ ትንንሾች ናቸው፣ ዳራቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው፣ እንቁላል መሰል። በግንዱ ላይ ፊት ለፊት አይተያዩም፤ አንዱ በዚህ ሌላው በዚያ እየተፈራረቁ ይወጣሉ። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ከሥሩ ብታዩት ሦስት ዋና ሥሮች ከአንድ ቦታ፣ ቅጠሉ ከዘንጉ ጋር ከሚገናኝበት ነጥብ፣ እንደ ዶሮ እግር ተዘርግተው ይወጣሉ። ይህም የቤተሰብ ምልክት ነው። የጥጥ ቅጠል ላይ ያው ነገር በትልቁ ይታያል።

አንድ ሌላ ነገር ደግሞ በእጅ ይታወቃል። የዚህ ቤተሰብ ቅጠልና ፍሬ ተደቁሶ ውኃ ሲነካው ዝልግልግ ይላል። ባሚያ ወጥ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ዝልግልጉ ረጃጅም የስኳር ሰንሰለቶች ውኃ ይዘው ሲያብጡ የሚፈጠር ነው። ባሚያን የሚጠላ ሰው የሚጠላው ይህን ነው፤ የሚወድም የሚወደው ይህንኑ ነው፤ እኔ ከሚወዱት ወገን ነኝ።

መቀነቱና ጽዋው

አሁን አበባዋን ገልብጡ። ሰው አበባ ሲያይ ከፊት ነው የሚያየው፤ የዕፅዋት ተመራማሪ ግን መጀመሪያ ከጀርባ ያያል። ከአበባዋ ሥር አንድ አረንጓዴ ጽዋ አለ፤ አፉ ላይ አምስት ሹል ጥርሶች ያሉት። ይህ ጽዋ እንቡጡ ሳይፈካ አበባውን አቅፎ የያዘው ነው፤ አብዛኛው አበባ አለው። እንግዳው ነገር ከጽዋው በታች ያለው ነው። እዚያ ላይ ክር ያህል የቀጠኑ፣ ከጽዋው አጠር ያሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ዙሪያውን ከበው ቆመዋል። ሁለተኛ ጽዋ መሆናቸው ነው፤ እኔ መቀነት እላቸዋለሁ፣ ወገብ ላይ ስለሚታዩ። በዚህች ዝርያ ላይ በጣም ቀጭን ስለሆኑ በጥድፊያ የሚያይ ሰው አያገኛቸውም።

ይህ መቀነት ለምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ለመረዳት ከርከዴን እናንሣ። «የከርከዴ አበባ» ብለን ደረቁን ቀይ ነገር ውኃ ውስጥ እንጨምራለን። እሱ ግን አበባ አይደለም። የከርከዴ አበባ ቅጠሎች፣ ቢጫማ ሆነው መሃላቸው የጠቆረው፣ ፈክተው ብዙም ሳይቆዩ ይረግፋሉ። የሚቀረው ጽዋው ነው። አበባው ከረገፈ በኋላ ጽዋው መወፈር፣ ሥጋ መያዝ፣ መቅላት ይጀምራል፤ ፍሬውን ውስጡ አቅፎ ያድጋል። ከሥሩ ያለው መቀነትም አብሮት ይወፍራል። የምንጠጣው ጎምዛዛ ነገር እንግዲህ ጽዋና መቀነት ነው። ደረቅ ከርከዴ እቤታችሁ ካለ አንዱን ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉና ዘርጉት፤ አምስቱን ጥርሶች ትቆጥራላችሁ፣ ከሥራቸውም የጣት ጫፍ የማያክሉትን የመቀነቱን ጫፎች ታገኛላችሁ። በትንሿ የዱር ዘመዱ ላይ ያው ክፍል፣ ያው ቦታ ላይ አለ፤ ሥጋ አልያዘም እንጂ።

ጥጥ ላይ ደግሞ መቀነቱ በተቃራኒው ገዝፏል። ሦስት ትልልቅ፣ ዳራቸው የተሸነታተረ ቅጠሎች ሆኖ አበባውንም ፍሬውንም ይሸፍናል። ጭፍርግ ላይ ጭራሽ የለም። አንድ ቤተሰብ ውስጥ ያው ክፍል እንዲህ ሲቀጥን፣ ሲገዝፍ፣ ሲወፍርና ሲጠፋ ማየት ለኔ ከአበባው ቀለም ይልቅ ይማርከኛል።

ባሚያ በዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። ትልቁ ሊኔየስ በ1753 ሲመዘግበው ሂቢስከስ አድርጎት ነበር። አበባው በእርግጥም ሂቢስከስ ይመስላል። ኋላ ግን ጽዋው የተለየ ሆኖ ተገኘ፤ አምስት ጥርስ ሆኖ አይከፈትም፣ በአንድ ጎኑ ብቻ እንደ ከረጢት ይሰነጠቅና አበባው ሲረግፍ አብሮ ይወድቃል። ስለዚህ በ1787 በተመሠረተ አቤልሞስከስ በሚባል ሌላ ወገን ውስጥ ይመደባል። አንድን ተክል ከዘመዶቹ ለይቶ ሌላ ስም ለመስጠት በቂ ሆኖ የተገኘው የአበባው ውበት ሳይሆን ማንም የማያየው የጽዋው አሰነጣጠቅ መሆኑን ልብ በሉ።

ወደ ፊት እናዙራት

አበባዋ አምስት ቅጠሎች አሏት፤ እያንዳንዱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። እንቡጥ ሳሉ እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ተጠማዘው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ በአንድ ጎኑ ጎረቤቱን ይሸፍናል፣ በሌላ ጎኑ ይሸፈናል። ሲፈኩ ግን እንደ ሌሎቹ ሂቢስከሶች ጥሩንባ ሆነው አይቆሙም፤ ወደ ኋላ ይቀለበሳሉ። ከሩቅ ሲያዩዋት ቅርንጫፍ ላይ ተጠግታ ያረፈች ነጭ ትንኝ ትመስላለች።

መሃሉ ላይ የሚቆመው ዘንግ የሂቢስከስ ዋና ማኅተም ነው። አብዛኛው አበባ ላይ ብናኝ የሚሸከሙት ወንዴ ክሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይቆማሉ። እዚህ ግን ክሮቹ ከሥራቸው ተጣብቀው አንድ ቱቦ ሆነዋል። ከቱቦው ጎን ነጻ የወጡት ጫፎቻቸው ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ አንድ ኩላሊት መሰል የብናኝ ከረጢት ተንጠልጥሏል። እዚህም ላይ ቤተሰቡ የራሱን መንገድ ይዟል፤ የሌሎች አበቦች የብናኝ ቤት በተለምዶ ጥንድ ነው፣ የሂቢስከስ ግን ግማሹ ብቻ፣ ነጠላ ነው። በቱቦው ውስጥ ደግሞ እንደ መብራት ገመድ የሴቴው አንገት ያልፋል። ከላይኛው ጫፍ ሲወጣ አምስት ቦታ ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ራሱ ላይ ብናኝ የሚቀበል ትንሽ ጉብታ አለው። አምስት መሆናቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ብናኙ ራሱ ጉድ ነው። የብዙ አበቦች ብናኝ ስፋት ከአንድ ሚሊ ሜትር 30ኛ ወይም 40ኛ እጅ ያህል ነው። የሂቢስከስ ብናኝ ግን የሚሊ ሜትሩን 10ኛ እጅ ያልፋል፤ ጥሩ ዓይን ያለው ሰው ጥቁር ልብስ ላይ ሲያራግፈው እህሉን በእህሉ ሊያይ ይችላል። በዚያ ላይ ዙሪያውን እሾህ ለብሷል። ነገሩ የነፍሳት ፀጉር ላይ እንዲንጠለጠል ይመስላል፣ ይንጠለጠላልም። ሆኖም የማር ንብ ይህን ብናኝ እንደ ሌላው ጨፍልቃ እግሯ ላይ ባለው ቅርጫት ማጨቅ ይቸግራታል፤ እሾሁ እህሎቹን አራርቆ ይይዛቸዋል። ስለዚህ ንቧ ጣፋጩን ፈሳሽ ቀስማ፣ ብናኙን ፀጉሯ ላይ እንደተነሰነሰ ይዛ ወደ ሚቀጥለው አበባ ትሄዳለች። ለተክሉ ከዚህ የተሻለ ነገር የለም፤ ወደ ቀፎ የተወሰደ ብናኝ ለዘር አይሆንምና።

የሂቢስከስ አበባ ዕድሜ አጭር ነው፤ በአብዛኛው ጠዋት የፈካው በዚያው ቀን ይጠወልጋል። ጎብኚ ሳይመጣ ቀኑ ቢያልፍስ? ሂቢስከስ ትሪዮነም የሚባለው፣ እርሻ ላይ እንደ አረም የሚወጣው ክሬም ቀለም ያለው ዘመዷ፣ ለዚህ መላ አለው። አበባው እንደፈካ የሴቴው አምስት ቅርንጫፎች ቀጥ ብለው ይቆማሉ፣ የሌላ አበባ ብናኝ ለመቀበል። ብናኝ ካልደረሰ ግን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይታጠፉና የራሳቸውን አበባ የብናኝ ከረጢቶች ይነካሉ። መጀመሪያ ባዳ ይጠበቃል፣ ባዳ ከቀረ በራስ ይታለፋል። በሰዓታት ውስጥ የሚሆን ነገር ስለሆነ ታግሶ የተቀመጠ ሰው በዓይኑ ያየዋል።

ትሪዮነምን ካነሣሁ አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። መሃሉ ላይ ጥቁር ወይን ጠጅ ክብ አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 በካምብሪጅ የሚገኙ ተመራማሪዎች ያንን ክብ በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ ሲያዩት ገጹ ላይ እጅግ ስስ የሆኑ ትይዩ መስመሮች አገኙ፤ ልክ እንደ ሲዲ ጀርባ። ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ሲዲው ኅብረ ቀለም ያወጣል፤ ትልልቆቹ ጸጉራም ንቦችም ያንን ብልጭታ ለይተው ማወቅን ይማራሉ። ኅብረ ቀለሙ ከቀለም ንጥረ ነገር የመጣ አይደለም፤ ከገጹ ቅርጽ ነው። የእኛዋ ትንሽ ሂቢስከስ እንዲህ ዓይነት ጌጥ የላትም። እሷ ያላት ከነጭ ወደ ሮዝ መቀየር ነው።

ፍሬዋ ላይ ያለው ጥጥ

አበባዋ ከረገፈች በኋላ አተር የምታህል ድቡልቡል ፍሬ ትቀራለች፤ ጽዋውን ከሥሯ እንደ ኩባያ ማስቀመጫ አድርጋ። ስትደርቅ ቡናማ ሆና ትሰነጠቃለች። አሰነጣጠቋን ማየት ተገቢ ነው። ፍሬዋ ውስጧ አምስት ክፍል አላት፤ የሚከፈተው ግን በክፍሎቹ መካከል ባለው ግድግዳ በኩል አይደለም። እያንዳንዱ ክፍል ጀርባው ላይ መሃል ለመሃል ይሰነጠቃል። በዚህ የተነሣ ስትከፈት አምስት ቁራጮች ወደ ውጭ ይዘረጋሉ፤ እያንዳንዱ ቁራጭ መሃሉ ላይ የቆመ አንድ ግድግዳ ይዞ ይቀራል። የበሰለ የጥጥ ፍሬ እርሻ ላይ ፈንድቶ ሲታይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከዚያ ፍሬዎቹ ውስጥ ምን እንዳለ ስታዩ ዘመድነቱ ጥርጥር የለውም። ዘሮቹ ኩላሊት መሰል ናቸው፣ ከእያንዳንዳቸው ዙሪያ ነጭ ረጅም ፀጉር ወጥቷል። የከፈተች ፍሬ ጥቃቅን ባዘቶ የጎረሰች ትመስላለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያት የሸረሪት ድር የያዛት መስሎኝ በጣቴ ላጸዳት ሞክሬያለሁ፤ ድሩ ከዘሩ ጋር ተያይዞ ሲመጣ ነው የገባኝ።

ታዲያ ለምን አትፈተልም? ጥጥን ጥጥ ያደረገው ፀጉሩ መኖሩ ብቻ አይደለምና። አንድ የጥጥ ጭረት አንድ ነጠላ ሕዋስ ነው፤ ከዘሩ ቆዳ ላይ ተነሥታ፣ አበባው በሚፈካበት ቀን አካባቢ መርዘም ጀምራ፣ ብዙውን ጊዜ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል የምትደርስ አንዲት ሕዋስ። አንድ ዘር ላይ እንዲህ ያሉ በሺዎች ይቆጠራሉ። ፍሬው ሲከፈትና ጭረቱ ሲደርቅ ቱቦው ጠፍጥፎ እንደ ሪባን ይሆንና በራሱ ላይ ይጠማዘዛል። ሴት እንዝርቷን ስታሾር ጭረቶቹ የሚያያዙት በዚህ ጥምዝ ነው። የሂቢስከስ ሚክራንተስ ፀጉርም ከዘሩ ቆዳ ነው የሚነሣው፤ ከጥጥ ጋር ሲነጻጸር ግን አጭርና ጥቂት ነው፤ ክር ለመሆን ርዝመቱም ብዛቱም አይበቃም።

እሷ መሆኗ በምን ይታወቃል?

በደረቅ መሬት ላይ እሷን የሚመስሉ ዝቅተኛ ቁጥቋጦዎች ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ከዚሁ ቤተሰብ ስለሆኑ ሁሉም ኮከብ ፀጉር፣ ሁሉም የተጣበቀ ቱቦ አላቸው። ቀለም አይለያቸውም። መጀመሪያ ከአበባው ሥር መቀነቱን ፈልጉ። ከሌለ ጭፍርግ ወይም አቡቲሎን ከሚባለው ወገን ነው፣ ጉዳዩ እዚያው ያበቃል። መቀነቱ ካለ የሴቴውን ቅርንጫፎች ቁጠሩ። አምስት ከሆኑ ሂቢስከስ ነው። አሥር ከሆኑ ግን ፓቮኒያ የሚባል ሌላ ወገን ነው፤ ፓቮኒያ የፍሬ ክፍሎቹ አምስት ሆነው የሴቴው ቅርንጫፎች ግን እጥፍ ናቸው። አበባው ረግፎ ከሆነም ፍሬው ይናገራል። የሂቢስከስ ፍሬ እንደ ሣጥን ይከፈትና ዘሩን ያራግፋል፤ የፓቮኒያ ፍሬ ግን እንደ ብርቱካን አጽቅ ለአምስት ይለያያል፣ እያንዳንዱ ዘሩን ሳይለቅ። የጭፍርግና የልት ፍሬም እንዲሁ በየአጽቁ ነው የሚለያየው።

ይህን ሳላውቅ ፓቮኒያ ናት ብዬ ለረጅም ጊዜ አልፌያት ነበር። አንድ ቀን አበባዋን ወረቀት ላይ አስቀምጬ በመርፌ ጫፍ ቱቦውን ስሰነጥቅ፣ ላብ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ቅርንጫፎቹን ቆጠርኩ፤ አምስት። እንደገና ቆጠርኩ። ሌላ አበባ ቀንጥሼ ስቆጥርም አምስት ነበሩ።

ዘሯን ለመዝራት የሚፈልግ ካለ የሚያስቸግረው የዘሩ ቆዳ ነው። የዚህ ቤተሰብ ብዙ ዘሮች ውኃ የማያስገባ ጠንካራ ቆዳ አላቸው። ለደረቅ አገር ተክል ይህ ስንፍና ሳይሆን ጥንቃቄ ነው። በመጀመሪያው ካፊያ ሁሉም ዘር ቢበቅልና ዝናቡ ቢቋረጥ የዓመቱ ዘር በሙሉ ያልቃል። ቆዳው ግን በሙቀት፣ በአሸዋ ፍትጊያና በጊዜ ብዛት የሚሳሳው በእያንዳንዱ ዘር ላይ በተለያየ ፍጥነት ስለሆነ አንዱ ዘንድሮ፣ ሌላው ከርሞ፣ ሦስተኛው ከዚያም ወዲያ ይበቅላል። የሚዘራ ሰው ይህን ጥበቃ ማሳጠር አለበት። ዘሩን በብርጭቆ ወረቀት ጎኑን ፋቅ ማድረግ፣ ወይም ሙቅ ውኃ አፍስሶበት ማሳደር ይበቃል። ቀሪው ቀላል ነው፤ ውኃ የማይቋጥር አፈር፣ ሙሉ ፀሐይ፣ ትንሽ ማጠጣት። ብዙ ውኃ ከሚያጠጧት ቢረሷት ይሻላታል።

የቆዳውን ነገር በዓይን ማየት ከፈለጋችሁ ሁለት ዘር ውሰዱ። ባዘቶውን በጣት አሽታችሁ አስለቅቁ። አንዱን ብቻ ጎኑን ፋቁት፣ ሁለቱንም አንድ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ አሳድሩ። በማግስቱ የተፋቀው አብጦ፣ ለስልሶ፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰረጉዳል። ያልተፋቀው ብዙውን ጊዜ ውኃው ውስጥ እንደገባበት ጠጠር ሆኖ ይገኛል፤ አውጥታችሁ ብታደርቁት ነገም ያው ነው።